የአባቴ እጅ ተመልሶ ይሠራ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። በዚህ ወር ስለ ሽባነት፣ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ለደረሱን ደብዳቤዎች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አምደኛችን መልስ ሰጥታለች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የዛሬ 8 ወር ሌሊት ላይ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው በሙሉ አልታዘዝ አለ። አሁን እግራቸው ተሽሏል፣ በሰው ድጋፍ እስከ በረንዳ ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደታጠፈ ቀረ። ጣቶቻቸውን በጥቂቱ ይከፍታሉ፣ ነገር ግን ምንም አይዙበትም። እናቴ ታጎርሳቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች። አንድ ሐኪም «ከ6 ወር በኋላ ለውጥ የለም፣ ተቀበሉት» አሉን። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ይያቸው ይላል። እኔ ስልኬ ላይ የሞተ ነርቭ እንደገና እንደሚያድግ፣ አንጎልም ራሱን እንደሚያድስ አንብቤያለሁ። ማንን ልመን? እጃቸውስ ይመለሳል?
ሠ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። «ጣቶቻቸውን በጥቂቱ ይከፍታሉ» ያልሽው ላይ። አንቺ እንደ ቀላል ነገር ጽፈሽው አልፈሻል። በእኔ ሙያ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁ ዜና እሱ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስልክሽ ላይ ያነበብሽውን እናጥራው።

በስትሮክ ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ይዘጋል፣ ወይም ይፈነዳል። ደም ያጣው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከአንጎል የሚወርዱት የትእዛዝ መስመሮች አብዛኞቹ ከአንጎል ግርጌ ላይ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። ስለዚህ ግራው አንጎል ሲጎዳ ቀኝ ጎን ይያዛል። አባትሽ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይበቅልም። ይበቅላል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

ታዲያ ሐኪሙ ልክ ናቸው ማለት ነው? አይደለም። ስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው፣ በአዋቂ ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሁሉም ነገር ሊሞት ይችላል፣ እንደገና የሚበቅል ግን የለም ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን ከባድ ብያኔ ለመለወጥ መሞከር የመጪው ዘመን ሳይንስ ሥራ ነው ብሎም አክሏል። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ረሳው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪም ቤት ውስጥ «የአንጎል ነገር አንዴ ከሄደ ሄደ» ሲባል ኖረ። ዛሬም የሚሉ አሉ። በዚህ የምናደደው ቤተሰቡ ያንን ከሰማ በኋላ እጁን አጣጥፎ ስለሚቀመጥ ነው። ሰውየውን አስተኝቶ ማብላት ይጀምራል።

የሞቱት ሕዋሳት አይነሱም፣ ሥራቸውን ግን ሌሎች ይረከባሉ። አባወራው የሞተበትን ቤት ማሳ ጎረቤት በደቦ እንደሚያርሰው ማለት ነው። ሟቹ አይመለስም፣ ማሳው ግን ጦም አያድርም። በተጎዳው ቦታ ዙሪያ ያሉ ጤነኛ ሕዋሳት አዳዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ ደካማ የነበሩ መስመሮች ይጠነክራሉ፣ ክንድ ብቻ ያንቀሳቅስ የነበረ አካባቢ ጣት ማንቀሳቀስ ይለምዳል። ይህ ግን እንዲሁ ቁጭ ተብሎ አይመጣም። ሥራው መጠራት አለበት።

ራንዶልፍ ኑዶ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ1996 በጦጣዎች ላይ አሳይተዋል። እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ጥቂት ጎዱና ሁለት ነገር አነጻጸሩ። እጃቸውን ያላሠሩት ጦጣዎች ከጉዳቱ ዙሪያ የተረፈው የእጅ ቦታ ጭምር እየጠበበ ሄደ። በየቀኑ ከትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ምግብ በጣታቸው እንዲለቅሙ የተደረጉት ግን የተረፈው ቦታ አልጠበበም። በአንዳንዶቹ እንዲያውም የክርንና የትከሻ ወደነበረው ሰፋ። አስቢው። አለማሠራት ባለበት መቆም አይደለም፣ ያለውንም ማጣት ነው።

ሌላው ኤድዋርድ ታውብ ነው። እሱም መጀመሪያ የሠራው በጦጣዎች ነበር፣ ዛሬ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ። በእንስሳቱ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ተከስሶ ብዙ ተንገላቷል፣ ጥፋተኛ የተባለበት ውሳኔ በይግባኝ ተሽሯል። የእንስሳቱ ነገር ዛሬም ያከራክራል፣ እኔም ሳነበው ይከብደኛል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግን ስንት ሰው ከአልጋ አስነስቷል። ታውብ ያየው እንዲህ ነው። እንስሳው የተጎዳውን እጁን ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው ይተወዋል። በኋላ እጁ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ሲደርስ እንኳ አይሞክርም፣ መተውን ለምዷልና። ደህነኛው እጁ ሲታሰርበት ግን የተጎዳውን መጠቀም ይጀምራል።

ይህንን ወደ ሰው አመጡት። ደህነኛውን እጅ በወፍራም ጓንት ሸፍኖ፣ የተጎዳውን በየቀኑ ለሰዓታት ማሠራት። ለሁለት ሳምንት። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ 222 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ናቸው። አባትሽ 8ኛ ወራቸው ላይ ናቸው! በዚህ መንገድ የሠለጠኑት ከሌሎቹ በግልጽ ተሻሉ፣ ከዓመት በኋላም መሻሻላቸው አልጠፋም። በጀርመን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስትሮክ ከመታቸው ብዙ የቆዩ 13 ሰዎች ከዚህ ሥልጠና በፊትና በኋላ አንጎላቸው ተለካ። እጅን የሚያዘው ቦታ ሰፍቶ ተገኘ። ስለዚህ «ከ6 ወር በኋላ የለም» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ለውጡ ፈጣን ነው፣ ያ እውነት ነው። ከዚያ ይዘገያል። መዘግየትና መቆም ግን ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። ይህ ሥልጠና የሚሠራው ትንሽ እንቅስቃሴ ለተረፈለት እጅ ነው። ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። አባትሽን ወንበር ላይ አስቀምጪ፣ ቀኝ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ፣ መዳፋቸው ከጠርዙ ወጥቶ ወደ ታች ይንጠልጠል። አንጓቸውን ትንሽ እንኳ ወደ ላይ ያነሳሉ? አውራ ጣታቸውና ሌላ ሁለት ጣት በጥቂቱ ይከፈታሉ? አዎ ከሆነ የሚሠራበት እጅ አለ። አሁኑኑ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጊ። ደሴ ውስጥ በየቀኑ መመላለስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በወር አንድ ሁለቴ እንኳ ታይተው ቤት የሚሠራውን ይዘው ይመለሱ።

ቤት ውስጥ ምን ይሠራ? ልብስ ሰፊ ናቸው ብለሽኛል፣ ከዚያ በላይ ምን መሣሪያ ያስፈልጋል! በየሰፊው ቤት የቁልፍ ጣሳ አይጠፋም። ትልልቆቹን የኮት ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊ። በቀኝ አውራ ጣትና በአመልካች ጣት እያነሱ ወደ ሌላ ጣሳ ይጨምሩ። መጀመሪያ አይነሳም፣ ይሸሻል። ወፍራም ጨርቅ ከሥሩ ካነጠፍሽ አይንሸራተትም። ቁልፉን ከማንሳት ይልቅ ጣቱን ከፍቶ መልቀቁ ይብስ ይከብዳቸዋል፣ ስለዚህ ሲለቁ አታጣድፏቸው። ሲቀላቸው ወደ ሸሚዝ ቁልፍ ውረዱ። ደግሞ የተጨማደደ ጨርቅ ዘርግተሽ በቀኝ መዳፋቸው እየገፉ ያቃኑት፣ የታጠፉት ጣቶች የሚዘረጉት እንዲያ ነው። መቀሱ ይቆይ።

የእግር መርገጫ ያለው የስፌት መኪና ካላቸው መርፌውንና ክሩን አውጥተሽ ይቀመጡበት። በሁለት እግር ይርገጡ። ቀኙ ሲሰንፍ ግራው ይጎትተዋል። ዕድሜ ልክ የለመዱት ምት ስለሆነ እግሩ ያስታውሰዋል። ከጎናቸው ሰው ይቁም።

ስንት ጊዜ? ብዙ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ የሕክምና ቦታዎች በአንድ ቀጠሮ ሕመምተኛው በተጎዳው እጁ ስንት ጊዜ ሥራ እንደሚሠራ ተቆጥሮ ነበር። በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንጎላቸው የተለወጠው እንስሳት በቀን የሚደጋግሙት በመቶዎች ነው። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ሰዎችም በአንድ ቀጠሮ እስከ 300 መሥራት እንደሚችሉ ታይቷል። እናንተም ጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ ከሰዓት እያላችሁ ከፋፍሉት። ሲደክማቸው ይረፉ። በሦስት ቀን 300 ልግባ ብትሉ ግን ትከሻው ይታመማል፣ ነገሩም ያስጠላቸዋል።

ቁጭ ብለው በሚሠሩበት ሰዓት ግራ እጃቸውን በወፍራም ካልሲ ወይም ጓንት ሸፍኚ። ሲራመዱ፣ ሻይ ሲጠጡ፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይውለቅ። በፍጹም አታስሩት፣ ቢወድቁ የሚይዛቸው እጅ እሱ ነው።

የእናትሽን ነገር በጥንቃቄ ልናገር። የሚያጎርሷቸው ከፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን በቀን አንድ ማዕድ ለአባትሽ ቀኝ እጅ ይተዉለት። እንጀራ መቁረስ ሰው ሠራሽ ልምምድ የማያመጣው ሥራ ነው። አውራ ጣት ይጫናል፣ ሁለት ጣት ይደግፋል፣ አንጓ ይዞራል፣ ከዚያ ሳይፈስ ወደ አፍ መድረስ አለበት። መጀመሪያ ለስላሳ ዳቦ ቆራርሰሽ ስጫቸው። ከዚያ ወፈር ያለ ፍትፍት። ቀጥሎ እንጀራውን ራሳቸው ይቁረሱ። ገበታው ይበላሻል፣ ልብሳቸውም ይነካል። ቤተሰቡ ዓይኑን አንሥቶ ሌላ ወሬ ያውራ። ሲውጡ የሚያስላቸው ወይም የሚያንቃቸው ከሆነ ግን ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ።

አንዲት እናት ስትሮክ ከመታቸው ከዓመት በላይ ቆይተው ወደ እኔ መጥተው ነበር። ምን እንዲመለስላቸው እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ለሰው ቡና ማቅረብ» አሉኝ። ባዶ ሲኒ ማንሳት ጀመርን። ሲኒዋ እየተንቀጠቀጠች ስንቴ ወደቀች። ቀጥሎ ግማሽ ድረስ ቀዝቃዛ ውኃ። ከዚያ ሙሉ። ወራት ፈጀ። ጀበናውን ዛሬም የሚያነሱት በግራ እጃቸው ነው፣ ሲኒውን ግን በቀኛቸው ያቀርባሉ። የአባትሽም እጅ እንደ ድሮው በመርፌ ዓይን ክር ያሾልካል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ኩባያ ደግፎ መያዝ፣ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ጨርቅ ወጥሮ መያዝ ግን ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው።

ወጌሻውን በሚመለከት፣ እባክሽ አይሁን። ወጌሻ የተከበረ ሙያ ነው። ነገር ግን ችግሩ ክንዳቸው ውስጥ የለም፣ አንጎላቸው ውስጥ ነው። በስትሮክ የላላ ትከሻ በጡንቻ ስላልተያዘ በትንሽ ጉተታ ከቦታው ይወርዳል። ጠንክሮ ማሸትና መጎተት ሌላ ሕመም ይጨምራል። እናንተም ስታስነሷቸው ከብብታቸው ሥር ይዛችሁ ወይም እጃቸውን ጎትታችሁ አይሁን። በወገባቸው ቀበቶ ያዙ።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ለአንድ ቀንም እንዳያቋርጡ። በጾምም፣ ጸበል ቢሄዱም። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ይህ ሁሉ ልፋት ከዜሮ ይጀምራል። ደግሞ ዝም ካሉ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ «ምን ዋጋ አለው» ማለት ካበዙ ለሐኪም ንገሪ። ከስትሮክ በኋላ ድባቴ በጣም የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው። ልቡ የተሰበረ ሰው ቁልፍ ልቀም ቢሉት እሺ አይልም።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሪያድ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ከፎቅ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከወገብ በታች አይንቀሳቀስም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቺፕ ተተክሎለት የተራመደ ሰው ቪዲዮ አየሁ። ለፍቼም ቢሆን ብሩን ላሟላ። እውነት ነው ወይ? የእጅ ነርቭ ተቆርጦ ሲያድግ የጀርባው ለምን አያድግም?
ኤ.፣ ከሪያድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቪዲዮው እውነት ነው። ሰውየው ገርት ያን ኦስካም የሚባል ሆላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቻይና ውስጥ በብስክሌት ላይ ሳለ አደጋ ደርሶበት አንገቱ ላይ ተጎዳ። የሎዛን ተመራማሪዎች ሐሳቡን የሚያነብ መሣሪያ ከአንጎሉ በላይ፣ ሌላ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ ላይ ተከሉለት። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲታተም በክራንች ይራመድ፣ ደረጃ ይወጣ ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። መሣሪያው ሲጠፋም ጥቂት መራመድ ቻለ። ተዳክመው የቀሩ መስመሮች በሥራ ብዛት ጠነከሩ ማለት ነው።

ቪዲዮው የማይነግርህን ግን ልንገርህ። የእሱ ህብለ ሰረሰር ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም ነበር። ከዚያ በፊትም ረጅም ሥልጠና አድርጓል። ሥራው ገና የምርምር ነው፣ ከፍለህ የምትገባበት የሕክምና ማዕከል አይደለም። «አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ሪያልህን እንዳትሰጥ።

ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው፣ የእጁ ሲያድግ የጀርባው ለምን እንቢ ይላል። የእጅ ነርቭ ሲቆረጥና በደንብ ሲሰፋ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ቆሻሻውን ያጸዱለታል፣ መንገዱንም ይመሩታል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ግን አካባቢው ራሱ ይከለክላል። ጠባሳ ይሠራል፣ የነርቩ ሽፋንም እድገትን የሚያግድ ነገር ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞንትሪያሉ አልበርት አጉዋዮና ባልደረቦቹ ከእግር ነርቭ ቆርጠው ከእንስሳ ህብለ ሰረሰር ጋር አገናኙት። አያድግም የተባለው ነርቭ በዚያች ድልድይ ውስጥ አደገ። አቅሙ አለ ማለት ነው፣ የሚያግደው ሰፈሩ ነው። ዙሪክ ላይ ማርቲን ሽዋብ ከሚያግዱት አንዱን ለይቶ አገኘ፣ ኖጎ ይባላል። እሱን የሚገታ መድኃኒት አደጋው በደረሰባቸው ሰሞን በሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ውጤት በጥቅሉ ሲታይ ዋናውን ግብ አልመታም፣ ጉዳታቸው ሙሉ ያልነበረ ሰዎች ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታይቷል። መንገዱ ተጀምሯል፣ ገና ፋርማሲ አልደረሰም።

ስለዚህ የወንድምህ ጉዳት ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ሐኪሙ የመቀመጫውን ቀዳዳ አካባቢ ስሜት መርምሮ ይለየዋል። ቤተሰብ ማፈር የለበትም፣ ይጠይቅ። እዚያ ቦታ ስሜት ካለ ከአንጎል ጋር የቀረ መስመር አለ ማለት ነው፣ ተስፋውም የተለየ ነው።

ብርህን አሁን የት ታውለው? ነገ መሣሪያው ቢመጣ ተጠቃሚ የሚሆነው ሰውነቱን ጠብቆ የቆየ ሰው ነው። ጥሩ ፍራሽና ለእሱ ልክ የሆነ ዊልቸር ከነትራሱ ግዛ። አልጋ ላይ ሲሆን በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ። ዊልቸር ላይ ሲሆን በየግማሽ ሰዓቱ በሁለት እጁ ተደግፎ መቀመጫውን ያንሳ። ማታ ማታ መቀመጫውንና ተረከዙን ሰው በመብራት ይይለት፣ እሱ አይሰማውምና። ተጭኖ የማይጠፋ ቅላት ከታየ ቁስሉ ጀምሯል፣ ያ ቦታ እስኪሻል አይተኛበት። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ዳስሳችሁ ሙቀትና ጥንካሬ ፈልጉ። ሽንቱን በየተወሰነ ሰዓት በንጹሕ ካቴተር (በቀጭን የሽንት ማውጫ ቱቦ) ራሱ ማውጣት ይማር፣ ሁልጊዜ የሚንጠለጠል ቱቦ ኢንፌክሽን ያበዛል። የዚህ አገር ህብለ ሰረሰር ሕመምተኛን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጀርባው አይደለም፣ የአልጋ ቁስልና ኩላሊት ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል፣ ሁለቱም መከላከል የሚቻሉ ናቸውና።

እጁ ደህና ከሆነ ትከሻና ክንዱን ያጠንክር፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ራሱን ማሸጋገር ይልመድ። ሥራም ይፈለግለት። ወጣት ነው።

ጥያቄ፦ የምንጽፍልሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ስትሮክ ከመታት 3 ዓመት ሆኗታል። ውጭ አገር ስቴም ሴል የሚወጋ ክሊኒክ አግኝተን በጎፈንድሚ ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ አቁሙት። ይህን የምለው ምርምሩን ንቄ አይደለም፣ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ላይ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ከልብ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን የትኛውም አገር ለስትሮክ ሽባነት የተረጋገጠ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። እውነተኛ ሙከራ ከሆነ ደግሞ ሕመምተኛውን ገንዘብ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ያወጣውን ታሪክ አንብቡት። ስትሮክ የመታው የ66 ዓመት ሰው ቻይና፣ አርጀንቲናና ሜክሲኮ ሄዶ ስቴም ሴል ተወጋ። በኋላ ጀርባው ውስጥ እብጠት አደገ። ሲመረመር የሚያድጉት ሕዋሳት የሌላ ሰው ነበሩ። ከስትሮኩ የተረፈለትን እግሩን እብጠቱ ያዘው።

ክሊኒኩ ጥያቄ ሲበዛበት ምን እንደሚል እዩ። ስንት ሰው ወጋችሁ፣ ስንቱ ተሻለው፣ የት ታተመ፣ ማን ፈቀደላችሁ? መልሱ የሕመምተኛ ምስክርነት ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ውጡ።

የሰበሰባችሁትን ለእናታችሁ ቤት ድረስ የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ክፈሉበት። 3 ዓመት ብዙ ነው፣ ግን በሩ አልተዘጋም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተፈቀደ አንድ መሣሪያ አለ። አንገት ውስጥ ያለውን ቬገስ የሚባል ነርቭ ከእጅ ልምምዱ ጋር እኩል ያነቃቃል። ከመፈቀዱ በፊት በተደረገው ሙከራ የተካፈሉት 108 ሰዎች ስትሮክ ከመታቸው ከ9 ወር እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። መሣሪያው ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ልምምዱን ግን ያበረታዋል። አዲስ አበባ ለእናታችሁ አይደርስም ይሆናል። ልምምዱ ግን ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ግራ ፊቴ ተጣሞ አገኘሁት። ዓይኔ አልከደን አለ፣ ውኃ ስጠጣ በአፌ ጎን ይፈሳል። ሰው ሁሉ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይበቃዋል ይለኛል። ሽባ ልሆን ነው?

መልስ፦ ይህንን ደብዳቤ ስናገኝ ስልክ ደውለን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ነግረንዎታል። እዚህ የማትመው ለሌላው አንባቢ ነው።

መስታወት ፊት ቆመው ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ። የተጣመመው ጎን ግንባር ጭምር ካልተሸበሸበ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው የፊት ነርቭ ራሱ ነው። ግንባሩ ደህና ሆኖ አፍ ብቻ ከተጣመመ፣ ወይም እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተያዘ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ አይባክን፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ፈተናው ቤት ውስጥ ለመቅረት ሰበብ አይሁን። ሁለቱንም ሐኪም ነው የሚለየው።

የፊት ነርቭ ከአንጎል ውጭ ስለሆነ የማገገም ዕድሉ ሰፊ ነው። በስኮትላንድ 551 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሙከራ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ከጀመሩት በ9 ወር ውስጥ 94 ከመቶው ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ካልወሰዱት 82 ከመቶው ገደማ። ስኳር ወይም ግፊት ካለብዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፣ መድኃኒቱ ሁለቱንም ሊጨምር ይችላል።

እስከዚያ የሚያሳስበኝ ዓይንዎ ነው። ያልተከደነ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል። ቀን በየሰዓቱ የዓይን ማርጠቢያ ጠብታ ያድርጉ፣ ሲወጡ መነጽር ይልበሱ፣ ማታ ቅባት አድርገው ቆብዎን በጣትዎ ቀስ ብለው ከድነው በሕክምና ፕላስተር ይለጥፉት። ዳማከሴውን ዓይንዎ ውስጥ እንዳይጨምሩ። ዓይንዎ ከቀላና ካመመዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ።